የኩላሊት እጥበትና የመርፌው ሕመም፦ ከየት ተነሥቶ የት ደረሰ?



እዚህ አገር ከገባችሁ ወዲህ «ዲያሊዛ» የሚለውን ቃል በሚርፓአ ወይም በሆስፒታል ሳትሰሙ አልቀራችሁም። በአማርኛ የኩላሊት እጥበት የምንለው ሕክምና ነው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ብዙውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑም አራት ሰዓት ያህል ከመሣሪያው አጠገብ ይቀመጣል። ደሙ በቱቦ ይወጣል፣ ይታጠባል፣ ተመልሶ ይገባል። ለዚህም በእያንዳንዱ ቀን ሁለት መርፌ ይወጋል፤ በአንዱ ደሙ ይወጣል፣ በሌላው ይመለሳል። ብታሰሉት በዓመት ከ300 መርፌ ይበልጣል። መርፌውም ለክትባት ከምናውቀው ቀጭን መርፌ የተለየ ነው፤ ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ወይም ከዚያ በላይ ነው።

ይህን መርፌ በመፍራት ሕክምናውን የሚያቋርጥ ሰው አለ። ክንዱን ለቀዶ ሕክምና አልሰጥም የሚልም አለ። ከሁሉ የሚበዛው ግን ጥርሱን ነክሶ ዝም የሚለው ነው። በተለይ ወላጆቻችን ሕመምን ችሎ ማለፍን እንደ ጨዋነት ይቆጥሩታል፤ በሐኪም ፊት «አመመኝ» ማለት ያሳፍራቸዋል። ስለዚህ መርፌው ለምን እንዳስፈለገ፣ ሕመሙንም ለመቀነስ ሰዎች ምን እንደደከሙ ታሪኩን በአጭሩ ልንነግራችሁ ወደድን። ታሪኩን የሚያውቅ ሰው ምን መጠየቅ እንደሚችልም ያውቃል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደም ከሰውነት ውጭ የታጠበበት ጊዜ

«ዲያሊሲስ» የሚለውን ስም ለዚህ ሥራ የሰጠው ቶማስ ግራሃም የተባለ የስኮትላንድ ኬሚስት ነው፤ ጊዜውም 1861 ነበር። ግራሃም የተመለከተው ነገር ቀላል ነው። ወንፊት ዱቄቱን አሳልፎ ገለባውን እንደሚያስቀር ሁሉ፣ አንዳንድ ስስ ሽፋንም በውኃ ውስጥ የሟሙ ጥቃቅን ነገሮችን አሳልፎ ትልልቆቹን ያስቀራል።

በ1913 ጆን ጄኮብ ኤብልና ባልደረቦቹ በአሜሪካ፣ በባልቲሞር ከተማ ይህንኑ ሐሳብ በእንስሳት ደም ላይ ሞከሩት። ደሙ በቱቦው ውስጥ እንዳይረጋም ከአልቅት የሚገኝ ንጥረ ነገር ተጠቀሙ። በሰው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከረው ጌዮርግ ሃስ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው፤ በ1924 በጊሰን ከተማ ያደረገው ሙከራ የቆየው 15 ደቂቃ ብቻ ነበር።

እውነተኛው መሣሪያ የተሠራው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ ናዚዎች በያዟት በሆላንድ ነው። ቪለም ኮልፍ የተባለ ወጣት ሐኪም ቀደም ሲል በግሮኒንገን ሆስፒታል ይሠራ ነበር። በዚያም አንድ የ22 ዓመት ወጣት ኩላሊቱ ደክሞ በሥቃይ ሲሞት አየ፤ ለእናቱም ምንም ላደርግለት አልችልም ብሎ መንገር ግድ ሆነበት። ኮልፍ ሥራውን እንዲጀምር የፈቀዱለት አለቃው ፕሮፌሰር ፖላክ ዳንኤልስ አይሁዳዊ ነበሩ። በግንቦት 1940 የጀርመን ጦር ሆላንድን ሲወር ፕሮፌሰሩ ከባለቤታቸው ጋር የራሳቸውን ሕይወት አጠፉ። በቦታቸው የናዚ ደጋፊ ሲሾም ኮልፍ ከእርሱ በታች አልሠራም ብሎ ካምፐን ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሄደ።

በካምፐን ኮልፍ ባገኘው ዕቃ ሠራ። ቋሊማ የሚሞላበትን የሴሎፋን ቱቦ በእንጨት ከበሮ ላይ ጠመጠመ፤ ከበሮውም በጨው ውኃ ገንዳ ውስጥ እንዲሽከረከር አደረገ። በ1943 ሰው ማከም ጀመረ። መጀመሪያ ላይ የታከሙት አብዛኞቹ አልዳኑም። በ1945 ግን ራሷን ስታ የመጣች የ67 ዓመት ሴት ከእጥበቱ በኋላ ነቃች፤ ከዚያም ለዓመታት ኖረች።

ሥሩ የሚያልቅበት ዘመን

እንግዲህ መሣሪያው ተገኘ። ነገር ግን ሌላ ችግር ቀረ፤ ደሙ ከሰውነት በምን በኩል ይውጣ? በምንስ በኩል ይመለስ?

በሰውነታችን ሁለት ዓይነት የደም ሥር አለ። ደም ወሳጁ ከልብ የሚነሣ፣ ጉልበት ያለውና ወደ ውስጥ ጠልቆ የሚሄድ ነው። ደም መላሹ ከቆዳ ሥር የሚታየው ነው፤ በመርፌ ለማግኘት ቀላል ቢሆንም በውስጡ የሚያልፈው ደም ዝግተኛ ነው። መሣሪያው በደቂቃ 300 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ደም ሊፈልግ ይችላል፤ ተራው ደም መላሽ ሥር ይህን ያህል አይሰጥም። ስለዚህ በኮልፍ ዘመን ሐኪሞች በየእጥበቱ ቆዳውን በምላጭ ከፍተው፣ ከሥሩ ውስጥ ቱቦ አስገብተው፣ ሲጨርሱ ሥሩን ያስሩት ነበር። የታሰረ ሥር ዳግም አያገለግልም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሰውየው ሥር ያልቃል፤ ሥሩ ሲያልቅ ሕክምናውም ያበቃል። በዚህ ምክንያት እጥበት ኩላሊታቸው ለጊዜው ታሞ ሊያገግም ለሚችል ሰዎች ብቻ ሆነ። ኩላሊቱ ጨርሶ የሞተበት ሰው ተስፋ አልነበረውም።

ይህን የለወጠው በአሜሪካ፣ በሲያትል ከተማ የሚሠራው ሐኪም ቤልዲንግ ስክሪብነር ነው። ስክሪብነር በእጥበት ተሽሎት የነበረ ሰው ሥር ስላለቀበት ብቻ ወደ ቤቱ ለሞት መላኩ እረፍት ነሣው። በ1960 ከኢንጂነሩ ዌይን ክዊንተን ጋር ሆኖ ከቴፍሎን የተሠራ ቱቦ አዘጋጀ። ቴፍሎን ምግብ እንዳይዝ በመጥበሻ ላይ የሚቀባው ነገር ነው፤ ደምም በቀላሉ አይጣበቅበትም። አንዱ ቱቦ በደም ወሳጁ፣ ሌላው በደም መላሹ ውስጥ ይገባል፤ ሁለቱ ጫፎች ከቆዳ ውጭ ክንዱ ላይ ይገናኛሉ። እጥበት ሲኖር ይፈታሉ፣ ሲያልቅ ይገጠማሉ። በመጋቢት 1960 ይህ ቱቦ የተገጠመለት የመጀመሪያው ሰው ከዚያ በኋላ 11 ዓመት ኖረ።

ልብ በሉ! በዚህ ቱቦ ለእጥበት መርፌ መውጋት አያስፈልግም ነበር። ታዲያ ለምን ቀረ? ቱቦው ቀንና ሌሊት ከቆዳ ውጭ ስለሚኖር ቁስሉ ያመረቅዝ ነበር፣ ደም ይረጋበትና ይደፈን ነበር፣ ሳይታሰብ ቢላቀቅም ብዙ ደም ይፈስ ነበር። ሰውየው ገላውን ሲታጠብም፣ ሲተኛም፣ ልጁን ሲያቅፍም ይጠነቀቃል። በየጊዜውም ቱቦው ይበላሽና በሌላ ቦታ አዲስ ይገባለታል።

ሁለቱ ሥሮች ሲገጣጠሙ

መፍትሔው የተገኘው በኒው ዮርክ፣ በብሮንክስ በሚገኘው የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ነው። ጄምስ ቺሚኖ የተባለው ሐኪም ተማሪ ሳለ ከለጋሾች ደም በመቅዳት ሥራ ተቀጥሮ ነበር። በክንድ ላይ የደም ግፊት መለኪያውን ጠበቅ አድርጎ ሲያስር ሥሩ እንደሚያብጥ፣ በወፍራም መርፌም ደሙ ቶሎ እንደሚወርድ ከሥራው ያውቃል። ከባልደረባው ከማይክል ብረሽያ ጋር በ1962 በዚሁ ዘዴ እጥበት እንደሚቻል ጽፈው አሳወቁ። ሆኖም በሁሉም ሰው ላይ ደሙ በበቂ አይመጣም ነበር።

ሐኪሞች ከጥንት ጀምሮ አንድ ነገር ያውቁ ነበር። ሰው በጩቤ ወይም በጥይት ቆስሎ ደም ወሳጁና ደም መላሹ እርስ በርሳቸው ሲገናኙ፣ ደም መላሹ ጠንካራውን ደም ተቀብሎ ይሰፋል፣ ግድግዳውም ይወፍራል። እነ ቺሚኖ ቁስል በአጋጣሚ የሚያደርገውን በቀዶ ሕክምና ብናደርገውስ ብለው አሰቡ። በየካቲት 1965 የቀዶ ሐኪሙ ኬኔት አፔል በአንድ ሕመምተኛ አንጓ ላይ ሁለቱን ሥሮች አገጣጠመ። ሥራቸውን በ1966 አሳተሙ። ይህ ዛሬ «ፊስቱላ» የምንለው ነው።

ፊስቱላ ከቆዳ በታች ስለሆነ ከውጭ የሚንጠለጠል ነገር የለውም። የሰውየው የራሱ ሥር ስለሆነም ሰውነት አይቃወመውም። በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ሥሩ ይጎለምሳል። እጃችሁን ብታስቀምጡበት በቀፎ ውስጥ እንዳለ ንብ ንዝረት ይሰማችኋል፤ ያ ንዝረት ደሙ በደህና መሄዱን ይናገራል። በደህና የተያዘ ፊስቱላ ለብዙ ዓመት ያገለግላል።

መርፌው በየእጥበቱ የሚገባው እንግዲህ በዚህ ምክንያት ነው። ሰው ከቆዳው ውጭ ከሚያመረቅዘው ቱቦ ነጻ ወጣ፤ በልዋጩ በየጊዜው ሁለት መርፌ ተቀበለ። ይህ ልዋጭ ዛሬም በእያንዳንዱ ሕመምተኛ ፊት ይቀርባል። በአንገት ወይም በደረት በኩል የሚገባው ቱቦ መርፌ የለውምና ለጊዜው ደስ ይላል። ነገር ግን ጀርም ወደ ደም የሚገባበት በር ሆኖ ስለሚቀር ከፊስቱላ ይልቅ ለከባድ ሕመም ያጋልጣል። ቱቦው ግድ የሚሆንባቸው ሕመምተኞች አሉ፤ ፊስቱላ የማይሠራላቸውም አሉ። መርፌን በመፍራት ብቻ ቱቦውን መምረጥ ግን አደጋውን ሳያውቁ መምረጥ ነው።

ሕመሙን ለመቀነስ የተደረገው ጥረት

መርፌው ከመጣ በኋላ ሕመሙን የማቅለሉ ነገር ቀጠለ። አንዱ መንገድ ማደንዘዣ ነው። ሊዶኬይን የተባለውን ማደንዘዣ በ1943 የሠራው ኒልስ ሎፍግሬን የተባለ የስዊድን ኬሚስት ነው፤ የጥርስ ሐኪም ድዳችሁን ሲያደነዝዝ ብዙ ጊዜ የሚጠቀመው ይህን ወይም የእርሱን ዘመድ ነው። ለእጥበትም ከትልቁ መርፌ በፊት በቀጭን መርፌ ከቆዳ ሥር ይሰጣል። ችግሩ ማደንዘዣውም ራሱ በመርፌ መሰጠቱ ነበር። በ1980ዎቹ ግን እዚያው ስዊድን ሊዶኬይንንና ፕሪሎኬይንን አደባልቆ የያዘ ቅባት ወጣ፤ ስሙም ኤምላ ነው። ቅባቱ በቆዳ ላይ ተቀብቶ፣ በፕላስቲክ ተሸፍኖ አንድ ሰዓት ያህል ሲቆይ ቆዳውን ያደነዝዛል።

ሁለተኛው መንገድ የተገኘው በፖላንድ ነው። በ1970ዎቹ ዝቢሉት ትቫርዶቭስኪ የተባለው ሐኪም መርፌ የሚገባበት ቦታ የጠበበበት ሕመምተኛ አጋጠመው። በዚያችው በጠበበች ቦታ፣ በዚያው ቀዳዳ፣ በዚያው አቅጣጫ መርፌው እየተመላለሰ ሲገባ፣ ለጉትቻ እንደተበሳ ጆሮ መንገድ አበጀ፤ አወጋጉም ቀለለ። ይህ ዘዴ ኋላ «የአዝራር ቀዳዳ» ተባለ። ብዙ ሕመምተኞች ወደዱት። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ሕመሙን ሁልጊዜ እንደማይቀንስ፣ በተቃራኒው ጀርም የመግባቱን አደጋ እንደሚጨምር አሳዩ። ስለዚህ በ2019 የወጣው የአሜሪካ የኩላሊት ሐኪሞች መመሪያ ይህ ዘዴ ለልዩ ሁኔታ ብቻ እንዲሆን መከረ። የሚመረጠው በሥሩ ርዝመት ላይ እንደ መሰላል ደረጃ ቦታ እየቀየሩ መውጋት ነው። በአንድ ጠባብ አካባቢ እየደጋገሙ መውጋት ቢቀልም፣ የሥሩ ግድግዳ ይሳሳና እንደ ፊኛ ያብጣል።

ዛሬ ምን መጠየቅ ትችላላችሁ?

ከዚህ ታሪክ የተገኘው ጥቅም ዛሬ በእጃችሁ ነው። የሚከተሉትን ከአሖት (ከነርሷ) ወይም ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ፦

ስለ ማደንዘዣ ቅባት ጠይቁ። የተፈቀደላችሁ እንደሆነ ከቤት ሳትወጡ፣ መርፌው ከመግባቱ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብላችሁ ትቀቡታላችሁ፤ የሚቀባበትን ቦታ ነርሷ ታሳያችሁ። ከመወጋታችሁ በፊት ቅባቱ በደንብ ተጠርጎ፣ ክንዱም በሳሙና መታጠብ አለበት። የመድኃኒት አለርጂ ያለበት ሰው አስቀድሞ ይናገር።

ቅባቱ የማይስማማችሁ እንደሆነ ቆዳን ለአጭር ጊዜ የሚያቀዘቅዝ መርጨት፣ ወይም በበረዶ ማቀዝቀዝ ሊረዳ ይችላልና ጠይቁ።

ፊስቱላው አዲስ ከሆነ ቀጠን ባለ መርፌ እንዲጀመርላችሁ፣ ልምድ ያላት ነርስ እንድትወጋችሁ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሥሩ አልገኝ ካለም በአልትራሳውንድ እያዩ መውጋት በሚቻልበት ቦታ አለ።

በእጥበት ጊዜ ብዙ ሰው ይበርደዋል። ጋቢ ይዛችሁ ሂዱ፤ ነገር ግን መርፌው ያለበትን ክንድ አትሸፍኑት። መርፌው ቢወልቅና ደም ቢፈስ ወዲያው መታየት አለበት።

ደማችሁ ተወስዶ የሚቀር መስሏችሁ አትሥጉ። በማንኛውም ደቂቃ ከሰውነት ውጭ ያለው ደም አንድ ብርጭቆ ያህል ብቻ ነው፤ እርሱም መጨረሻ ላይ ይመለስላችኋል።

ፊስቱላ ባለበት ክንድ የደም ግፊት አታስለኩ፣ ለምርመራ ደም አታስቀዱ። ጠባብ አምባር ወይም ሰዓት አትሰሩበት፣ ተንተርሳችሁት አትተኙ። በአገር ቤት የለመድነውን ዋግምት በዚያ ክንድ ላይ ማድረግ አደገኛ ነው፤ ቅጠል ቀጥቅጦ መለጠፍም እንዲሁ። ንዝረቱን በየቀኑ ዳስሱት፤ ከጠፋ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሕክምናው ቦታ ደውሉ።

ዝምታ ለምን ይጎዳል?

መርፌው ሲገባ የሚሰማው ሕመም አጭር ነው። ከገባ በኋላ የሚቀጥል ወይም እየባሰ የሚሄድ ሕመም ግን ሌላ ነገር ይናገራል። መርፌው ከሥሩ ወጥቶ ደም ወደ ሥጋ እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ክንዱ ካበጠ፣ ከቀላ፣ ከሞቀ ወይም መግል ከያዘ ጀርም ገብቶ ሊሆን ይችላል። ጣቶቹ ከቀዘቀዙና ከገረጡ ደም እያነሳቸው ሊሆን ይችላል። ነርሷ ይህን ሁሉ ከውጭ ላታየው ትችላለች፤ የምታውቀው ሕመምተኛው ሲነግራት ነው። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለዚህም ይሠራል። ችሎ ዝም ያለ አባት ፊስቱላውን ሊያጣ ይችላል፤ ፊስቱላውን ያጣ ደግሞ ሌላ ቀዶ ሕክምና ወይም የአንገት ቱቦ ይጠብቀዋል።

ዕብራይስጥ የማያውቅ ሰው ይህን እንዴት ይናገር? ትሉ ይሆናል። ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። በ1994 የወጣውና ከጥር 1995 ጀምሮ የሚሠራው የጤና መድን ሕግ እያንዳንዱ ነዋሪ በኩፓት ሖሊም እንዲታከም ያዝዛል፤ ዲያሊዛም ከዚህ ውስጥ ነው። በ1996 የወጣው የሕመምተኞች መብት ሕግ ሐኪሙ ሕክምናውን በሚገባችሁ መንገድ እንዲያስረዳችሁ ያስገድዳል። በ2011 ደግሞ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የሕክምና ተቋማት የሕመምተኛውን ቋንቋና ባህል ያገናዘበ አገልግሎት እንዲሰጡ መመሪያ አውጥቷል። ስለዚህ አስተርጓሚ መጠየቅ ችሮታ መለመን አይደለም። ልጆች ወላጆቻቸውን ቢረዱ መልካም ነው፤ ነገር ግን እናት ለልጇ የማትነግረው ሕመም አለ፣ ልጅም የማያውቀው የሕክምና ቃል አለ። ለከባዱ ጉዳይ የሠለጠነ አስተርጓሚ ይሻላል። ለዕለት ተዕለቱ ግን አንድ ቃል ብቻ አጥኑ፦ «ኮኤቭ ሊ»፣ ማለትም «ያመኛል»።

ወጣቶች ሆይ፤ እናታችሁን ወይም አባታችሁን ወደ ዲያሊዛ ስታደርሱ በር ላይ ትታችሁ አትመለሱ። አንድ ቀን ገብታችሁ ከመርፌው ሰዓት ጀምሮ አጠገባቸው ተቀመጡ፣ ፊታቸውን ተመልከቱ። «ደህና ነኝ» ቢሏችሁም ክንዳቸውን እዩ፣ ቅባቱን ታዝዞላቸው እንደሆነ ጠይቁ።

ኮልፍ አንድ ወጣት ሲሠቃይ አየ። ስክሪብነር ሥር ስላለቀበት ሰው እንቅልፍ አጣ። ትቫርዶቭስኪ የአንድ ሕመምተኛን የጠበበ ሥር ተመለከተ። ይህ ሕክምና እዚህ የደረሰው የሕመምተኛውን ሥቃይ እንደ ተራ ነገር ባላለፉት ሰዎች ነው። የእናንተም ሥቃይ ተራ ነገር አይደለምና ተናገሩት።

ፈጣሪ ለታመሙት ሁሉ ምሕረቱን ይላክ።